ከክብሩ ጎን

የላላሞ ቤተሰብ መቃብር አርባ አንድ ሰው ያረፈበት ነው ይባላል። ስም የተጻፈበት ሐውልት ያላቸው ግን ስድስቱ ብቻ ናቸው። የሌሎቹ ምልክት ድንጋይ ነው፤ አለዚያም የዋንዛ ግንድ፤ የአንዳንዶቹማ ሣር ብቻ። ማን የት እንደተኛ ለይታ የምታውቅ አንዲት ሰው ሙሉጌጥ ናት፤ እሷም ብትሆን የቤተሰቡ ምራት እንጂ ልጅ አይደለችም።

የቡታጅራ ነጋዴ ልጅ ነበረች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ለክብሩ ላላሞ ተድራ ስትመጣ አካባቢው ገና ገጠር ነበር፤ ከሐዋሳ ወደ ቱላ የሚወጣ ሰው በእንሰትና በቡና መሃል ነበር የሚሄደው። አማቷ ዱካሌ አማርኛ ብዙም አይችሉም፤ እሷ ደግሞ ሲዳምኛ አታውቅም። ሣር ሊያጭዱ ወደ መቃብሩ ሲወጡ አሮጊቷ በማጭዳቸው እየጠቆሙ አንድ በአንድ ስም ይጠሩላታል፤ እሷም ትደግማለች። እንዲህ እያለች ቋንቋውንም ሙታኑንም አብራ ተማረች።

ዛሬ ከተማው ራሱ መጥቶ ደጃፏ ቆሟል። በግራዋ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ፣ በቀኟ ጎሚስታ ቤት። ዱካሌ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ። ክብሩም ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመት አለፈው። ሙሉጌጥ ስልሳ አራት ዓመት ሞልቷት ብቻዋን ትኖራለች። አንድ ልጇ ኤደን አዳማ አግብታለች፤ ለእናቷም ክፍል ቀለም አስቀብታ፣ አልጋ ዘርግታ ከጠበቀቻት ሰነበተች። በየሳምንቱ ትደውላለች።

«እማዬ፣ እዚያ ማንን ነው የምትጠብቂው?»

«ክረምቱ ይውጣ እንጂ እመጣለሁ» ትላለች ሙሉጌጥ። የምሯን ነበር። ለክብሩ ቤት የቆየችው እንደሆነ በቅቷታል።

ክረምቱ ሳይወጣ የመንገድ ቀያሾች መጡ። በቀይ ቀለም የተቀቡ ችካሎች ይዘው ቤቱንና መቃብሩን አንድ ላይ የያዘውን ግቢ ሰንጥቀው አለፉ፤ አንዱን ችካል ከዱካሌ መቃብር ራስጌ ላይ ተከሉት።

ይህን ያየችው ሃሴት ነበረች። ሃሴት የክብሩ ታናሽ ወንድም የሙሴ ልጅ ስትሆን ኮሌጅ ውስጥ ታስተምራለች። በነጋታው ጽሕፈት ቤት ለጽሕፈት ቤት ስትዞር ውላ ማምሻውን ትንፋሽ እስኪያጥራት እየተጣደፈች መጣች።

«እትዬ፣ ተስፋ አለ! ዙሪያው ከታጠረ፣ እያንዳንዱ መቃብር የማን እንደሆነ በካርታ ከተጻፈ፣ እዚያው ነዋሪ የሆነ ጠባቂም ፈርሞ ከተመዘገበ መንገዱን ያዞሩታል። መቃብሩ አረንጓዴ ቦታ ተብሎ ይቀመጣል።»

«ነዋሪ ጠባቂ?» አለች ሙሉጌጥ።

«እርስዎ ነዎታ! ሌላ ማን አለን?»

ሙሉጌጥ አዳማ እሄዳለሁ ልትል አፏን ከፈተች። ሃሴት ግን ቀድማ እጇን ይዛ ሳመቻት፤ ያ ቃል ከዚያ በኋላ ሳይወጣ ቀረ።

ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ግቢው በሰው ሞላ። የሃሴት ተማሪዎች፣ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪዎች፣ ጎሚስታዎቹ፣ የፎቁ ተከራዮች ሳይቀሩ ገጀራና አካፋ ይዘው መጡ። ማንም አልከፈላቸውም። እሾሁን መነጠሩ፣ የወደቁ ድንጋዮችን አቆሙ። መናኸሪያ የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጠው አብዱራህማን ሽቦና የብረት ቋሚ በራሱ መኪና ጭኖ አመጣ። ዘመድ አልነበረም፤ አባቱ ሐዋሳ ሲገቡ መጀመሪያ ያስጠለሏቸው ዱካሌ ናቸው።

እውነቱን ለመናገር ሙሉጌጥ መጀመሪያ ላይ ደስ ብሏት ነበር። ለዓመታት ማንም ምንም ጠይቋት አያውቅም፤ አሁን ሃያ ሰው ከኋላዋ እየተከተለ «ይሄስ የማን ነው? ይቺስ?» ይላታል። ሃሴት በደብተር ትጽፋለች። በምጥ የሞተችውን፣ በኮሌራው ጊዜ በአንድ ቀን የተቀበሩትን ሦስት ወንድማማቾች፣ ከወታደር ቤት ሬሳው ብቻ የመጣውን ልጅ አንድም ሳታዛንፍ ነገረቻቸው።

ሽቦው ግን ከሁለት ወገን እየተሳበ መጣ። የመንገዱ ጠርዝ የፊት ደጇን ስለወሰደው ቤቷ ከመቃብሩ ጋር አንድ ላይ ታጠረ፤ ወደ ውጭ የምትወጣበት በር የመቃብሩ በር ብቻ ሆነ። አብዱራህማን የመጨረሻውን ቋሚ ሲሚንቶ አስሞልቶ ሲያበቃ ወገቡን ይዞ ቆመና ዙሪያውን አየ።

«እትዬ ሙሉጌጥ፣ ያጠርነው መቃብሩን ነው ወይስ እርስዎን?» አለ እየሳቀ።

እሷም ሳቀች። እሱ ግን ፊቷን አይቶ ሳቁን ተወ።

በሦስተኛው ወር፣ አንድ ቅዳሜ፣ ሃሴት የሙሉጌጥን ዓይን በእጆቿ ሸፍና ወደ ክብሩ መቃብር ወሰደቻት። ሙሴም በዚያን ቀን ሙሉ ልብሱን ለብሶ መጥቶ ነበር። ሐይቅ ዳር የእንግዳ ማረፊያ ያለው፣ በቤተሰቡ መካከል ቃሉ የሚከበር ሰው ነው። ሃሴት እጇን ስታነሳ ሙሉጌጥ ከክብሩ ሐውልት ጎን፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ አዲስ የእብነ በረድ ሐውልት አየች። «ወይዘሮ ሙሉጌጥ፣ የላላሞ ቤት አደራ ጠባቂ፣ ከ1953 ዓ.ም. እስከ» ይላል። ከ«እስከ» በኋላ ያለው ቦታ አልተጻፈበትም።

አጨበጨቡ። አንዲት ዘማሪ እልል አለች።

«እትዬ» አለ ሙሴ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «በሕይወት እያሉ ክብርዎን ይዩ ብለን ነው። ወንድሜ ብቻውን አይተኛም።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች ሙሉጌጥ። ሌላ ምን ትበል? እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። ደስታ ነው ብለው ውሃ አመጡላት።

ክብሩን ሐዋሳ የሚያውቀው በደግነቱ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበር፤ የተጣላ ባልና ሚስት እሱ ዘንድ ይላካል። ሙሉጌጥ ላይም አንድ ቀን እጁን አንስቶባት አያውቅም። በ1994 ዓ.ም. እናቷ ቡታጅራ ሞቱ። በዚያ ሳምንት ቤቱ ከየወረዳው በመጡ የጉባኤ እንግዶች ተሞልቶ ነበር።

«እንግዶቹ ይሸኙና ትሄጃለሽ» አላት ክብሩ።

«እስከዚያማ እናቴ ትቀበራለች።»

«ተናግሬያለሁ።»

ሙሉጌጥ ወጡን ከድና፣ ነጠላዋን ለብሳ፣ በጓሮ በእንሰቱ መሃል ወጥታ ሄደች። እናቷን ቀብራ በአራተኛው ቀን ስትመለስ ክብሩን በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘችው።

«ሄድሽ?» አላት።

«ሄድኩ።»

ከዚያች ቀን አንስቶ እስከ ሞተበት ዕለት፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ክብሩ ላላሞ ሚስቱን አላናገራትም። አንድ ገበታ ላይ ቀርበው «ኤደን፣ ጨው አነሰው በያት» ይላል፤ ያቺ ታዳጊ አጠገቡ ወደተቀመጠችው እናቷ ዞር ብላ ቃሉን ታቀብላለች። እንግዳ ሲመጣ «ባለቤቴ» እያለ ለእንግዳው ያወድሳታል፤ እንግዳው ሲወጣ ደግሞ ዝም። መጀመሪያ ላይ አለቀሰች፤ ይቅርታ ጠየቀች፤ ሽማግሌ ልትልክም አስባ ነበር፤ ግን የሽማግሌዎቹ ሽማግሌ እሱ ራሱ ነው። በመጨረሻ ታሞ ሲተኛ ውሃ በማንኪያ የምታጠጣው እሷ ነበረች። ሊሞት ሲል አንድ ጊዜ ትክ ብሎ አያት። ጎንበስ ብላ ጆሮዋን አቀረበችለት። ከንፈሩን ገጠመና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

አሁን ከዚህ ሰው ጎን፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ እስከ ዕለተ ምጽአት ልትተኛ ነው። ሐውልቱ ደግሞ ከማጀቷ በር ፊት ለፊት ነው፤ ሽንኩርት ስትከትፍ ስሟን ታነበዋለች።

በማግሥቱ እሑድ ሰዉ ቤተ ክርስቲያን ሳለ ትንሽ ሻንጣዋን ይዛ በባጃጅ መናኸሪያ ሄደች። የአዳማ አውቶቡስ አልሞላም ነበር፤ ከመስኮቱ ዳር ተቀመጠች። ለኤደን ደውላ «እየመጣሁ ነው» ስትላት ኤደን በስልኩ ውስጥ ጮኸች፤ ከዚያ አለቀሰች። አውቶቡሱ ሲነሳ ሙሉጌጥ ራሷም እንባ መጣባት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሿ እስከ ታች የወረደ መሰላት።

ሻሸመኔ ሲደርሱ ስልኳ ጠራ። ሃሴት ነበረች።

«እትዬ፣ የት ሄዱብን? በሩ ተቆልፏል! መሐንዲሶቹ ነገ ጠዋት ሊመጡ ነው። ደብተሩን ሳየው ደግሞ ተሳስቻለሁ መሰለኝ፤ የሦስቱን ወንድማማቾችና የአያታችንን ቦታ አማታሁት። ካላሳየን ይሰርዙናል። ያለ እርስዎ እኮ አንችልም።»

ሙሉጌጥ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ረዳቱ «አዳማ፣ አዳማ፣ የቀረ!» እያለ ይጣራል። የዱካሌ መቃብር ላይ ትልቅ መኪና ሲወጣ ታያት። እኚያ አሮጊት፣ ክብሩ ሚስቱን ዝም ባላት ዘመን በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ፣ ዝም አይሉም ነበር።

ሻንጣዋን ይዛ ወረደች። መንገዱን ተሻግራ የሐዋሳ መኪና ሰልፍ ላይ ቆመች። ለኤደን መደወል አቃታት፤ «ዛሬ አልተመቸኝም» ብላ በጽሑፍ ላከችላት። ኤደን አልመለሰችም።

ሰኞ ጠዋት ከጽሕፈት ቤቱ ሁለት ሰዎች መጡ፤ አንደኛው መሐንዲስ ነው፣ ካርታ ይዟል። ሙሉጌጥ ከፊት እየሄደች አንድ በአንድ አሳየቻቸው። ሃሴት እያረመች ትከተላለች፤ ሙሴ፣ አብዱራህማንና አሥር ያህል በጎ ፈቃደኞች ከኋላ። አርባ አንዱም ተቆጠሩ። መሐንዲሱ በጣም ትሁት ወጣት ነበር።

«በጣም ጥሩ ሥራ ነው» አለ። «አንድ ነገር ብቻ። ይሄ የደቡብ ጥግ ማንም የለበትም አይደል? መንገዱን በዚህ በኩል ሁለት ሜትር ብናስገባው ሌላው ሁሉ ሳይነካ ይቀራል። አሁኑኑ ልፈርምላችሁ እችላለሁ።»

ሃሴት ደብተሩን ገልጣ አየች። «አዎ፣ ባዶ ነው» አለች፤ ፊቷ በራ። ከኋላም «ተመስገን!» ያለ ነበር።

«ባዶ አይደለም» አለች ሙሉጌጥ።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ።

«እትዬ፣ ደብተሩ ላይ እኮ የለም» አለች ሃሴት።

«ስላልነገርኩሽ ነው። ልጄ ነው ያለው። አሥራ ዘጠኝ ቀን ኖሮ ነው የሞተ። ከኤደን በፊት። አርባ ቀን ላልሞላው አይለቀስም ብለው እኔና አማቴ ብቻችንን ቀበርነው። ክብሩ ስለሱ አይወራም አለ፤ አላወራሁም።»

መሐንዲሱ ኮፍያውን አወለቀ። አብዱራህማን መሬት መሬቱን አየ።

«ይቅርታ እናቴ» አለ መሐንዲሱ ቀስ ብሎ። «እንግዲህ ሌላ ባዶ ቦታ ካለ...»

«ባዶስ አለ» አለች ሙሉጌጥ። እጇን ወደ አዲሱ እብነ በረድ ዘረጋች። «ያ ባዶ ነው። ማንም የለበትም፤ ማንም አይገባበትም። እኔ ከክብሩ ጎን አልቀበርም።»

«እትዬ!» አለ ሙሴ።

«አሥራ አንድ ዓመት አላናገረኝም፣ ሙሴ። እናቴን ስለቀበርኩ። አንድ ቃል እንኳ። ስሞትም አጠገቡ ተጋድሜ ዝምታውን ልስማ?»

ሙሴ ወደ እንግዶቹ፣ ከዚያ ወደ ልጁ ወደ ሃሴት፣ ከዚያ ወደ ሙሉጌጥ አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እናውቅ ነበር፣ እትዬ» አለ። «ሁላችንም እናውቅ ነበር። እርስዎ በጨዋነት ችለውት ስላየን... ወንድሜን ማዋረድ መሰለን።»

ሙሉጌጥ ይህን ስትሰማ የሆነችውን በኋላ ለኤደን ስትነግራት «ከአሥራ አንዱ ዓመት ይልቅ ያቺ ቃል ገደለችኝ» ነው ያለቻት። ማንም የማያውቅላት መስሏት ነበር እኮ የቻለችው። ለካስ ገበታው ላይ የተቀመጠው እንግዳ ሁሉ እያወቀ ነበር የሚጎርሰው።

ከጽሕፈት ቤቱ የመጣው ሁለተኛው ሰው ለመሐንዲሱ ከዛፍ ሥር ወንበር አቀረበለት። መሐንዲሱም ካርታውን አስተካከለ፤ አርባ ሁለተኛዋን ነጥብ ጨመረ፤ መንገዱ በሰሜን በኩል የጎሚስታውን አጥር ነክቶ እንዲያልፍ ጻፈ። ከዚያ አንድ ቅጽ አወጣ።

«የነዋሪ ጠባቂ ፊርማ» አለ። «ከሌለ መዝገቡ አይጸናም።»

ሃሴት አባቷን አየች። ሙሴ ስለ ሥራው አጉረመረመ። ዘማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አካፋ ሲሉት አካፋ፣ ሽቦ ሲሉት ሽቦ ይዘው የመጡ ደጎች ናቸው፤ መቃብር መሃል የሚኖር ግን አንድም አልነበረም። ሙሉጌጥ ጥጉን አየች። የልጇን ቦታ በገዛ አፏ ተናግራለች፤ ካልፈረመች ካርታው ይቀደዳል፣ መኪናውም በዚያ ያልፋል። እስክሪብቶውን ተቀበለች። ስሟን ስትጽፍ በር የተዘጋባት መሰላት።

መቃብሩ ዳነ። መንገዱ ተሠርቶ አስፋልቱ ፈሰሰ። ለፍቼ፣ ለሲዳማ አዲስ ዓመት በዓል፣ ወደ ጉዱማሌ አደባባይ የሚሄዱ ሰዎች በአጥሩ በኩል ሲያልፉ ቆም ብለው ያዩታል፤ «ይሄ በጎ ፈቃደኞች ያተረፉት ነው» ይባላል። ኤደን ሁለት ወር ኮርፋ ከርማ ልጆቿን ይዛ መጣች፤ እናቷን አቅፋ «እሺ፣ ገባኝ» አለች እንጂ ፊቷ ላይ የገባት አይመስልም ነበር።

ሃሴት በክረምቱ እዚያው ገብታ ልትኖር፣ የጠባቂነቱንም ስም ወደ ራሷ ልታዞር ቃል ገብታ ነበር። እጮኛዋ ግን «መቃብር ቤት ሙሽራ አላስገባም» አለ። ሃሴት ይህን ልትነግራት መጥታ አንገቷን ደፍታ ስትቆም ሙሉጌጥ አልተቆጣችም፤ እሷም በሃሴት ዕድሜ ብትሆን አትገባም ነበር። ሃሴት በምትኩ አንድ ወረቀት ጽፋ አመጣች። ወይዘሮ ሙሉጌጥ ስትሞት ቡታጅራ እናቷ ካረፉበት እንድትቀበር የሚል ነው። ሃሴት ፈረመች፤ ኤደን ፈረመች፤ አብዱራህማን ሱቁን ዘግቶ መጥቶ «እኔ ራሴ በመኪናዬ አደርሳቸዋለሁ» ብሎ ፈረመ። የዕድሩ ሰብሳቢና የቤተሰቡ አውራ ግን ሙሴ ነው፤ እሱ ካልፈረመ ሬሳዋን ከዚያ ግቢ የሚያወጣ የለም። ሙሴ «ላስብበት» አለ። ሐውልቱንም አላስነሳም።

አንድ ቅዳሜ ሙሴ ብቻውን መጣ። ኮቱን አጥሩ ላይ ሰቅሎ፣ ማጭድ ተበድሮ፣ በደቡቡ ጥግ ያለውን ሣር ማጨድ ጀመረ። ዕድሜ ልኩን ማጭድ የያዘ ሰው አልነበረም፤ ሲያጭድ ሲያርፍ ስድስት ሰዓት ሆነ። ሙሉጌጥ ውሃ በጣሳ ወሰደችለት። በሕፃኑ መቃብር ላይ የተቀመጠችውን ትንሽ ድንጋይ ቁልቁል እያየ ጠጣ።

«የወንድሜ ልጅ እኮ ነው» አለ። «አንድም ቀን አልጠየቅሁም። ደብተሩ ላይ ሕፃን ብቻ ነው የሚለው። ስም አልነበረውም?»

«ነበረው። እናትህ ናቸው ያወጡለት።»

«ማን አሉት?»

ሙሉጌጥ ጣሳውን ተቀበለችው። ስሙን ለማንም ነግራ አታውቅም፤ ለኤደን እንኳ። ምላሷ ጫፍ ላይ መጥቶ ቆመ።

«ፈርም» አለችው። «የፈረምክ ቀን እነግርሃለሁ።»

ሙሴ ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ተነስቶ ጉልበቱን አራገፈ፣ ኮቱን ለበሰ፣ «በሚቀጥለው ቅዳሜ የቀረውን አጭዳለሁ» ብሎ ባጃጅ አስቁሞ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ይመጣል። እስካሁን አልፈረመም፤ እሷም አልነገረችውም።